ተራራው ጫፍ ላይ ማን ይቅደም?

በር ላይ «አንተ ቅደም፣ በሞቴ!» እያለ መንገድ የሚዘጋ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጨዋነት ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ስለ ተራራ መውጣት ፊልም እስክንሠራ ድረስ።

እኔ መብራት ያዥ ነበርኩ። ተራራ ወጪዎቹን የሚጫወቱት ሁለቱ ተዋንያን ግን ጫፉን ቀድሞ ለመርገጥ ሲጣሉ ከረሙ። የቀረን የጫፉ ትዕይንት ብቻ ሲሆን፣ የተቀረጸውን ልደታ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ፊልሙን ለሚገመግመው ካድሬ አሳየነው። ካድሬው የወገቡን ሽጉጥ እያስተካከለ ጠየቀ።

«ለመሆኑ ከሕዝቡ ተነጥሎ ቀድሞ ጫፍ የሚወጣው ማነው?»

አንደኛው ተዋናይ ወደ ጓደኛው ጠቆመ። «እሱ ነው፣ ጓድ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል።»

«ኧረ እኔ ከፍታ እፈራለሁ!» አለ ያኛው።

አዘጋጁ ላቡን ጠርጎ፣ «ጓድ፣ ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ» አለ።

«ጫፉ ስንት ሰው ይይዛል?»

አንድ ሰው ነው የሚይዘው፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር?

«በሉ ተነጋገሩና የቀዳሚውን ስም አምጡልኝ» ብሎ አሰናበተን። በሩ ጋ ስንደርስ ቀድሞ የሚወጣ ጠፋ።

ፊልሙ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሁለቱ ተራራ ወጪዎች አሁንም ከጫፉ ሥር ቆመው «በሞቴ፣ አንተ ቅደም!» እየተባባሉ ነው።