በባዶ ውሃ የዳኑ ሴሎች ዜና

ሴሎቼ አልተቃጠሉም።

ይህ የሆነው በዘመነ አሮጌ ማቀዝቀዣ፣ አለቃችን ጠርጥር፣ ስዩመ ቁልፍ፣ ዐቃቤ ጓንት፣ በላብራቶሪያችን በነገሡ በሦስተኛው ዓመት ነው።

ነጭ የደም ሴል ልብስ ሰፊ ነው። ለማያውቀው ጀርም ሁሉ መሣሪያ ለመሥራት የገዛ ዘረመሉን ይቆርጣል፣ ቁርጥራጩን ያቀያይራል፣ መልሶ ይሰፋል። መቀሱ ምልክት ያለበትን ብቻ ነው መቁረጥ ያለበት። አንዳንዴ ግን ምልክቱን የሚመስል ሌላ ቦታ ይቆርጥና ሴሉ እጅጌን ከሱሪ ጋር ይሰፋዋል። ካንሰር ከእንዲህ ያለ ስፌት ሊጀምር ይችላል።

እኔም ያንን ስፌት ስፈልግ፣ ስንት ወር እንደ ጡት ልጅ ያሳደግኳቸውን ሴሎች ዲኤንኤ አውጥቼ፣ አባዝቼ፣ ዲኤንኤን በመጠኑ የሚለይ ጄል ላይ ባስኬደው «ስፌቱ እዚህ አለ» የምትል አንዲት መስመር ብቅ አለች። ጌታችን ጠርጥርም አዋጅ አስነገሩ፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይቺ መስመር ስፌት አይደለችም። ማባዣ ፈሳሻችን ውስጥ የገባ የድሮ ሙከራ ዲኤንኤ ነው። ሴሎቹ ምንም አላሳዩም፤ ቦታ ስለያዙ ከመውጫ ሰዓት በፊት ይቃጠሉ!»

ፈሳሹ መቆሸሹን የሚናገረው ግን ውሃ ነው። በዲኤንኤ ፋንታ ውሃ ያለበት ቱቦ ከናሙናዎቹ ጋር አብሮ ተባዝቶ ጄሉ ላይ ይሮጣል፤ እሱም መስመር ካወጣ ቆሻሻ አለ። በኛ ቤት ደግሞ ናሙና የሚገባበት የጄሉ ጉድጓድ አነሰ ተብሎ «ውሃ ቦታ አይያዝ» የሚል አዋጅ ከወጣ ቆይቷል።

ወእምዝ ተነሣሁ። እኔ እመ ሴሎች፣ ጓንተ ድርብ፣ ምሳዬን ትቼ፣ ፒፔቴን ታጥቄ፣ በቀኜ ሳቂታዋን ባልደረባዬን፣ በግራዬ እንደ ጅብ የሚጮኸውን የቱቦ ማሽከርከሪያ፣ በኋላዬ የጓንት ካርቶኖችን አስከትዬ፣ ያንኑ ማባዣ ፈሳሽ ለሴሎቼም ለውሃውም ደግሜ ቀዳሁ፣ አባዛሁ፤ አንድ ናሙና አፈናቅዬም ውሃን ጉድጓዱ ላይ አነገሥኩት። ሳቂታዋ በበኩሏ አወጀች፦

«እህትዬ፣ ውሃው መስመር ካወጣ አላውቅሽም፣ አታውቂኝም!»

ከጄሉ ሥር መብራቱ በራ። የሴሎቼ መስመር ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ውሃው ድቅድቅ ጨለማ።

ጌታችን መነጽራቸውን ጠርገው፣ ጄሉን ገልብጠው፣ መልሰው ገልብጠው፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ፦

«ያልሰማህ ስማ! ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ቦታ አለው። መስመሯ ትነበብ። ሴሎቹም ባሉበት ይርጉ!»

ክብር ለውሃ፣ ባዶውን ገብቶ ባዶውን ለወጣ! ክብር ለእመ ሴሎች፣ ጾሟን ለዋለች!

ሴሎቼን አበላሁና ምሳዬን ከፈትኩ።