የእትዬ ጥላ ጃንጥላ

ከፀሐይ ጋር በግል የተጣላች አክስት የሌለው ቤተሰብ የለም። የእኛዋ ክብርት እትዬ ጥላ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ አሁን ግን የሚያስታውሰው የለም።

መንገድ ሲሄዱ ከጥላ ጥላ እየመረጡ ነው። አጥር ሲጠፋ የመብራት ምሰሶም አይንቁም። አውቶቡስ ውስጥ መታጠፊያው ጋ ደርሰው ፀሐይዋ ወደ እሳቸው ወገን ስትዞር፣ ማዶ ጥላው ጋ የተቀመጠውን ሰውዬ፣ «ወንድሜ፣ አሁን ተራው የአንተ ነው» ብለው ያስነሱታል። የምርቃቴን ፎቶ ብታዩ፣ ከኋላችን አንድ ጥቁር ጃንጥላ ቆሟል። እሳቸው ናቸው።

«ፀሐይ አትታመንም» ይላሉ። እርግጥ የቀትሯ ቆዳ ታቃጥላለች፤ እሳቸው ግን የማለዳዋንም አይምሩም።

አምና ወገባቸውና ጉልበታቸው አስቸገራቸው። ደረጃው አቃታቸው። ልጃቸውም «ምድር ቤት እንፈልግልሽ» ማለት ጀመረች። ከባላቸው ጋር ካረጁበት ፎቅ መውረድ ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

ወጣቷ ሐኪም የደም ምርመራውን አየች። «እማማ፣ ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶብዎታል፤ አጥንትዎ የሳሳው ለዚህ ነው። እንክብሉን ይውሰዱ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እጅና እግርዎን ገለጥ አድርገው ፀሐይ ይሙቁ።»

እትዬ ጥላ ወደ እኔ ዞሩ። «መርፌ የለውም ወይ በላት።»

በማግስቱ ማለዳ ልቆጣጠራቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ጃንጥላው ታጥፎ ጭናቸው ላይ ነው። ደስ አለኝና በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ወዲያው ጃንጥላውን ዘረጉት።

«እትዬ፣ እንዲህማ አይሆንም፤ ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው?» ብዬ ልቆጣ ስል ልብ አልኩ። ፀሐይዋ እሳቸው ፊት ላይ ቦግ ብላለች። ጥላው ያረፈው እኔ ላይ ነው።

«እኔማ ታዞብኝ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አንተ ገና አላገባህም። ፊትህን ጠብቅ።»

ክንዳቸው እንዳይዝል ጃንጥላውን ልቀበላቸው እጄን ብሰድ መታ አድርገው መለሱት። እኚህን ሴትዮ እንዴት እንደምወዳቸው ያኔ ገባኝ።

ቤታቸውን አልለቀቁም፤ ዛሬ ደረጃውን ቀስ እያሉ ይወጡታል። እኔም ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ጥላቸው ሥር እቀመጣለሁ። ካገባሁ ግን ዓመት ሊሞላኝ ነው።