ባና የለበሰው ግድግዳ

ጥፋቱን ሁሉ ለዕቃው የሚሰጥ ሰው የሌለበት መንደር ካለ እኔ አላየሁም። ገበሬ ቢሆን ትልሙ የጠመመው በማረሻው ነው። ጸሐፊ ቢሆን ስህተቱ የእስክሪብቶው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን አይወቅስም፤ እውነቱን ለመናገር ሰውንም አይወቅስም። ዝም ብሎ ዕቃ ይቀይራል። አዲሱ በመጣ ሰሞን ፊቱ እንደ መስከረም ሜዳ ይፈካል። ወር ሳይሞላው ግን አዲሱንም በጎን ማየት ይጀምራል።

በእኛዋ የመንዝ ከተማ በመሐል ሜዳ ይህን ወንበር የያዙት ጎረቤቴ ክቡር አቶ አፈወርቅ ናቸው። «ችግሩ የዕቃው ነው» ይላሉ፤ ይህችን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ዳኛ ይረጋል። ቢሮ ማርፈድ ሲያበዙ የእጅ ሰዓታቸውን ቀየሩ። አሁንም ሲያረፍዱ የቢሮው የግድግዳ ሰዓት እንዲቀየር ማመልከቻ ጻፉ። ወሬው አልጥም ብሏቸው ሬዲዮ የቀየሩበትም ጊዜ አለ። አዲሱም ያንኑ ወሬ ሲያወራ «የዘንድሮ ሬዲዮ ሁሉ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ነው» ብለው ተዉት።

ይህን ሁሉ የማውቀው ወሬ ለቅሜ አይደለም። ቤታችን ባለ አንድ ጣሪያ ነው፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። እሳቸው በዚያ በኩል ሲያስነጥሱ እኔ በዚህ በኩል «ይማርዎ» እላለሁ፤ እሳቸውም «ያኑርሽ» ይላሉ። ከዚያ ሁለታችንም ወደየሥራችን።

የእኔ ሥራ የበግ ፀጉር መፍተል ነው። ከስድስተኛ ክፍል አስወጥተው ከዳሩኝ ጀምሮ እንዝርት ከእጄ አልወጣም፤ ባሌ ካረፈ በኋላማ ውዬ የማድረው ከእንዝርቱ ጋር ነው። የፈተልኩትን ባና ሠሪዎች ይወስዱና ያንን ጥቁር፣ ከባድ፣ የመንዝን ውርጭ የሚመክት ብርድ ልብስ ያደርጉታል። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የለም። የምጽፈው በግድግዳው በኩል የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

አቶ አፈወርቅ በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ ክራር ይመቱ ነበር። ያኔ «አፈወርቅ ክራር» ነበር የሚባሉት። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፣ ክራሩ ምሰሶ ላይ ተሰቀለ፣ እሳቸውም መዝገብ ቤት ተቀጠሩና «አፈወርቅ ማኅደር» ተባሉ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በዚህ ስም ሲጠሩ አቤት አሉ። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ያለው ታናሽ ወንድማቸው ደመላሽ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ላከላቸው። መስተዋቱ እንዳረገዘች በግ ወደ ኋላ ያበጠ፣ ሲነሣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። ደብዳቤ እንዲለማመዱበት ነበር የመጣው። እሳቸው ግን ድምፅ መቅጃ እንዳለው ባወቁ ቀን ደብዳቤውን ትተው ቀና ብለው ምሰሶውን አዩ።

በማግስቱ በግድግዳው በኩል አንድ ክር ሲወጠር ሰማሁ። ቀስ ብሎ ይወጠራል፣ ይላላል፣ እንደገና ይወጠራል። ውጭ ጉሙ ወርዶ በጎቹ እንኳ አይታዩም ነበር። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ስሙን ፈልጎ የሚጣራ መሰለኝ። እንዝርቴን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

አቶ አፈወርቅ ያን ጊዜ አርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ጣታቸው ደንዝዟል፣ ጥፍራቸው በማኅደር አቧራ ተበልቷል። ቢሆንም አንድ ዘፈን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው የሆነ አንድ ዘፈን ቀድተው ሊያስቀምጡ ተነሡ። ቀኑንም ቆረጡ፤ ለቅበላ። ከቅበላ በኋላ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ክራር አይነካም። «እስከዚያ ካልጨረስኩ ክራሩን ለደመላሽ እሰጠዋለሁ፤ ሁለተኛም አልነካውም» ብለው በጊዮርጊስ ማሉ። ሚስታቸው ይመኙሻል ሰምታለች፣ እኔም ሰምቻለሁ። እኔን ያስፈራኝ ይኸው መሐላ ነው። አቶ አፈወርቅ ዕቃ ይቀይራሉ እንጂ መሐላ አይቀይሩም።

ችግሩ የመጣው በመጀመሪያው ቅጂ ነው። ከክራሩ ሥር «እምምም» የሚል ነገር አለ። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይረዝማል። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፦ ችግሩ የዕቃው ነው። ኮምፒውተሩ በሆዱ ውስጥ ማራገቢያ አለው፤ የሚያጉረመርመው እሱ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ጋቢ አለበሱት። ላብ አጠመቀውና በሦስተኛው ስንኝ ላይ ድርግም አለ። ሲነቃ እምምታው አብሮት ነቃ። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ተከሰሰ፣ ከዚያ የቆርቆሮው ነፋስ፣ ከዚያ የእኔዋ በግ።

ደመላሽ በስልክ አንድ ምክር ሰጣቸው፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘፋኞች ግድግዳውን ወፍራም ነገር ያለብሱታል አላቸው። መንዝ ውስጥ ወፍራም ነገር ማለት ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አቶ አፈወርቅ በወርኃ ታኅሣሥ፣ ውሃው በባልዲ ውስጥ በሚረጋበት ወር፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ባና ተዋሱ። ለሙዚቃ ነው ሲሉ ማን እምቢ ይላል? አሥራ አራት ባና ሰበሰቡ። እኔም የራሴን ሰጠሁ፤ የመጀመሪያ ፈትሌ የወጣበት ነው። እሱን የሰቀሉት በእኔና በእሳቸው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ነበር። ያን ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ለኪነ ጥበብ ሠዋ። ቤታቸው በረት በረት ሸተተ። የእኔዋ በግ ዘመድ ያገኘች መስሏት ገብታ አልወጣም አለች፤ ሦስት ሰው ነው ጎትቶ ያስወጣት።

እምምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። «እንግዲህ ኮምፒውተሩ ራሱ መቀየር አለበት» አሉ።

አዲሱ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ መጣ፤ አሮጌው በዚያው ሚኒባስ ተመለሰ። እንደ ዳዊት መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ጉልበት ላይ የሚቀመጥ፣ ትንፋሹ የማይሰማ ነው። አቶ አፈወርቅ ግን አዲስ ቤት የገቡ ያህል ተደናበሩ። የለመዱት ነገር ሁሉ ቦታውን ለቋል። በአሮጌው የጻፉትን ግጥም በፍላሽ አሻግረው ሲከፍቱት ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ጠበቃቸው። ሦስት ገጽ ሙሉ ሳጥን። ይመኙሻል አየችና «የእንቁላል መደርደሪያ ነው እንዴ የጻፍከው?» አለቻቸው። ሳምንት ሙሉ ግጥሙን ከጭንቅላታቸው እየለቀሙ በእስክሪብቶ ጻፉት፤ እኔም በግድግዳው በኩል አብሬ በቃሌ ያዝኩት። ወደ ሞላሌ ከተማ ስለሚወስደው መንገድ ነው።

የሞላሌን መንገድ ጉም ቢጋርደውም፣
እግር ያስታውሰዋል ዓይን ባያየውም።

በአዲሱ ቀዱ። እምምታው አለ። እንዲያውም ጠራ።

ያን ቀን ምስክር ብለው ጠሩኝ። አንድ ሰው ሰምቶ ሰይጣን ይሁን ዕቃ ይፍረድ ማለታቸው ነው። በባና መሐል ወንበር ሰጡኝና ኤርፎኑን በጆሮዬ አደረጉልኝ። መጀመሪያ ክራሩ መጣ። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከጉም ሥር እንደሚፈስ ውሃ ያለ ድምፅ መጣ። የሴት ድምፅ ነው። ቃል የለውም። ከክራሩ ኋላ ኋላ ይሄዳል፣ ክራሩ ሲያርፍ ያርፋል፣ ክራሩ ሲወጣ አብሮት ዳገቱን ይወጣል። ይህችን ሴት የት ነው የማውቃት አልኩ። በስድስተኛ ክፍል፣ በወላጆች ቀን፣ መድረክ ላይ ቆማ ያንጎራጎረች አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። ትምህርቷን ትታ የተዳረችው በዚያው ዓመት ነው።

ስፈትል እንደማንጎራጉር አላውቅም ነበር። ሰው የራሱን ማንኮራፋት እንደማያውቅ ማለት ነው።

«ምንድን ነው?» አሉኝ አቶ አፈወርቅ፣ ፊቴን እያዩ።

«እንጃ፤ ዕቃው ይሆናል» አልኩና ወጣሁ።

ምን ልበል? አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ ለእኔ ሲባል ሰፈሩ ራቁቱን አድሯል፣ ለእኔ ሲባል ከደብረ ብርሃን ኮምፒውተር መጥቷል ልበል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከንፈሬን ገጥሜ ፈተልኩ። ክሩም እንደኔው ደረቀ፤ ባና ሠሪው ሲቀበለኝ በጣቱ እያሸ «ምን ነካው ዘንድሮ?» አለኝ።

ቅጂው ጠራ። ነቁጥ የለበትም። የተላጨ ራስ ይመስላል። አቶ አፈወርቅ ይጨፍራሉ ብዬ ስጠብቅ የክራሩ ድምፅ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ። ቅበላ አምስት ቀን ሲቀረው ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው።

«አሮጌው ይሻል ነበር ብርነሽ» አሉ። «አሮጌው ነፍስ ነበረው። ነፍሱን በፍላሽ ለአዲሱ አሻግሮለት ነበር፤ አሁን አልቆበታል። ይኸው ያለ ጨው የተቀቀለ ሥጋ ሆነ። ችግሩ የዕቃው ነው፤ ወደ አሮጌው እመለሳለሁ።»

በአምስት ቀን ኮምፒውተር መልሶ መቀየር፣ ሳጥኑን ሁሉ እንደገና ፊደል ማድረግ፣ እንደገና መቅዳት። እንደማይደርስ እሳቸውም ያውቃሉ። ዓይናቸው እሳቸው ቤት ምሰሶ ላይ ያለውን የክራር ኩላብ ካሁኑ ባዶ አድርጎ የሚያይ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ቦኖ ላይ ይመኙሻል ጀሪካኗን ከጀሪካኔ አጠገብ አቆመችና፣ ውሃው እስኪሞላ ድረስ ጠብቃ፣ «ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ማንጎራጎሩ ነዋ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኮ አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። ጆሮ የሌለው እሱ ነው።»

አንገቴ ድረስ ጋለኝ። ካወቀች ባሏ ይህን ሁሉ ሲንከራተቱ ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቅኳት። ይመኙሻል አላፈረችም። ለልጆቿ አዲስ ኮምፒውተር ትፈልግ እንደነበር ነገረችኝ፤ እውነቱን ብትናገር ኮምፒውተሩ አይመጣም ነበር።

«አሁን ግን መሐላ አለ» አለች፣ ጀሪካኗን እየከደነች። «ክራሩ ከቤቴ ከወጣ ይህ ሰው የሚቀይረው ዕቃ ያጣና ወደ እኔ ይዞራል። አደራሽን ብርዬ።»

እንጃ አልኳት። እንጃ ለእኔ ከእሺም ከእምቢም የምትቀርበኝ ቃል ናት። ቤቴ ገብቼ፣ ደጋግሜ፣ አፌን ከፍቼ ሞከርኩ። ሳያውቁት የሚወጣ ነገር ሲያውቁት አይወጣም። ጉሮሮዬ እንደ ዛገ ቁልፍ ነከሰ።

የቅበላ ዕለት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ጉም ከገደሉ በኩል ተነሥቶ ቀስ እያለ በየአጥሩ ይገባል። ብርዱ ክፉ ነበር። ነጠላዬን ደርቤ እንዝርቴን አሾራለሁ፤ በዚያ በኩል ድምፅ የለም። ክራሩ ተጠቅልሎ ይሆናል አልኩ። በሬ ተንኳኳ።

አቶ አፈወርቅ ናቸው። በትከሻቸው ላይ የእኔን ባና ተሸክመዋል።

«ብርዱ ከብዷል። ባናሽን ውሰጂ» አሉ።

«የሌላውስ ሰው?»

«የሌላው ሰው ይቆይ። ድምፅ የከለከለኝ ይኼኛው ብቻ ነው።»

ይመኙሻል ነግራቸው እንደሆነ፣ ወይስ ራሳቸው ደርሰውበት እንደሆነ አልጠየቅኩም። እስከዛሬም አላውቅም። ባናውን በእጄ አስቀምጠው መሬት መሬት እያዩ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ከተዋወቅን ጀምሮ ያልሰማሁትን፣ ከዚያ ወዲህም ያልሰማሁትን ነገር ተናገሩ።

«ችግሩ የዕቃው አልነበረም።»

ሄዱ። እኔም ባናውን ተከናንቤ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ግድግዳው አሁን ራቁቱን ነው፤ ከዚያ ወገን ወንበር ሲሳብ ተሰማኝ፣ ክር ሲወጠር ተሰማኝ። እንዝርቱን አንድ ጊዜ አሾርኩት። ክራሩ ጀመረ፤ የሞላሌን መንገድ ያዘ፣ ጉሙ ውስጥ ገባ፣ ዳገቱ ሥር ደርሶ ቆመ። አልፎ መሄድ ይችል ነበር። ቆሞ ጠበቀ። ባናው የድሮ እጄን ይሸታል፤ የሙሽርነት ፈትሌ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄ ይፈትላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው «እግር ያስታውሰዋል» እንዳሉት ነው፤ መንገዱ ራሱ ድምፄን ይዞ ወሰደኝ።

ሲያልቅ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ቅበላውም አላለፈም ነበር። በዚያ በኩል አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ መቅጃው ሲዘጋ ይሆናል።  ከዚያ አቶ አፈወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በግድግዳው በኩል፣ ቀስ ብለው፣

«ያኑርሽ» አሉኝ።

ማንም አላስነጠሰም ነበር።