ትርጉም የተከለከለበት ቤት

በወንዙ ዳር የተቆረቆረችው ከተማችን ብዙ ታላላቅ ሰዎችን አፍርታለች፤ ከሁሉም የሚልቁት ግን የፊደል ጨዋታ ማኅበራችን ሊቀመንበር አለቃ ቦሉ ናቸው። እኚህ ሰው የማያውቁት የእንግሊዝኛ ቃል የለም፤ የሚያውቁትንም አንድ ቀን እንኳ በንግግር አባክነውት አያውቁም። በሰሌዳ ላይ የሚደረደሩ ሰባት የፊደል ጠጠሮች ይስጧቸው። ከእነዚያው ከሰባቱ፣ አንዱን ሳይጥሉ ሌላ ሳይጨምሩ፣ ሬቲናስ፣ ናስቲየር፣ ስቴይነር፣ ሬትሲና እያሉ እንደ ዳዊት ይወርዱታል። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ግን ወዮለት! የማኅበሩ ደንብ «ቃል የተፈጠረው ለማሸነፍ እንጂ ለመረዳት አይደለም» ይላል፤ ትርጉም የተናገረ ተጫዋች ተራው ይታለፋል።

ይህ ሁሉ ክብር ለእናታቸው ለእማማ ኦዪን እንቅልፍ አልሰጣቸውም። አለቃ ቦሉ «በሰሌዳ ያላሸነፈኝ ልጄን አያገባም» ብለው ስለወሰኑ፣ የእማማ የልጅ ልጅ ላዬፋ አማጭ በመጣ ቁጥር ማልቀስ ሆኗል ሥራዋ። አሁን ደግሞ የምትወደው ቶንዬ፣ የዓይን ሐኪም ቤቱ ነርስ፣ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ዛሬ ማታ በጀልባ ሊሄድ ነው። ዛሬ ካልሆነ የለም። እማማ ኦዪን ከጠዋት ጀምሮ ደረታቸውን እየደገፉ ከጓዳ በረንዳ፣ ከበረንዳ ጓዳ ይመላለሳሉ። ልጁ ቢሸነፍስ? ቢያሸንፍስ? ጀልባው ቢገለበጥስ?

ቶንዬ ለጋብቻ ጥያቄ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬና የጂን መጠጥ ጠርሙስ አጎቱን አስይዞ ገባ።

«አባባ፣ የመጣነው ስለ ልጅዎ…»

«ስለ ልጄ በኋላ ይደረስበታል። ቁጭ በልና ጠጠር አውጣ።»

የማኅበሩ አባላት በአክብሮት ከበቧቸው። አለቃ ቦሉ ጥቂት አሰቡና «ሬቲናስ» ብለው ደረደሩ። የቶንዬ ፊት በራ።

«ውይ፣ ይሄማ የእኛ ነው! የዓይን የውስጠኛው ሽፋን እኮ…»

«ትርጉም!» ብሎ ጮኸ የማኅበሩ ጸሐፊ። «ትርጉም ተናገረ! ተራው ይታለፍ!»

«ይቅርታ አባባ፤ ጠጠሩን እንዲህ አፍንጫዎ ላይ ለጥፈው ሲያዩት ጊዜ፣ ብመረምርዎት ብዬ ነው።»

«ጭራሽ በእኔው ዓይን!» አሉ አለቃ።

«ኧረ ዝም በል አንተ ልጅ፣ በሞቴ!» አሉ እማማ ኦዪን ከበሩ ጥግ። «አሁን ዓይን ምን ቤት ነው?»

ጨዋታው ቀጠለ። አለቃ ቦሉ ሰው ሰምቶት የማያውቅ አንድ ረጅም ነገር ደረደሩ። ቶንዬ ራሱን አከከ፣ ተጠራጠረ፣ አማትን መሞገት ነውር መስሎት የራሱን ተራ ተጫወተ። ቆየት ብሎ ግን አላስችል አለው።

«አባባ፣ ይሄ ቃል ግን… አለ?»

«የለም!» አሉ አለቃ፣ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ። «መሞገት የነበረብህ ተራህን ሳትጫወት ነው። ሳይሞገት ያለፈ ቃል፣ ባይኖርም አለ!»

አባላቱ አጨበጨቡ። ሌላው ዓለም እውነትን ለማግኘት ስንት ሲደክም፣ የእኛ ማኅበር በአንዲት አንቀጽ ገላግሎታል።

ከበሩ ጥግ ግን አንድ ሰው አላጨበጨበም። እማማ ኦዪን ደረታቸውን መደገፍ ተዉ።

በዚያው ቅጽበት አለቃ ቦሉ እንደገና ያንኑ የሚወዱትን ሰባት ፊደል አወጡ። ከእነዚያ ሁሉ ቃላት የትኛው ይደርደር? ራሳቸውን በሰሌዳው ላይ ደፉ፤ አባላቱም አንገታቸውን አብረው አሰገጉ። እማማ ኦዪን ጠርሙሱን ከአጎትየው እጅ ወሰዱና ቀዱ። በእኛ ዘንድ የአማጭ ጂን ከተጠጣ ልጅቱ ተዳረች ማለት ነው።

«ቦሉ፣ ልጄ፣ የላዬፋን ጂን ልጠጣላት ነው። ትቃወማለህ?»

«እማማ፣ አሁን አይደለም! ናስቲየር ይሻላል ሬትሲና እያልኩ ነው።»

«ጠጣሁት።»

«ይስማማሽ።»

«ላዬፋ፣ ነዪ ሻንጣሽን ያዢ። ሹራቡስ? ወንዙ ላይ ይበርዳል። ጀልባው ጠርዝ ላይ እንዳትቀመጪ፤ እሱ ቢቀመጥም አንቺ አትቀመጪ። ስትደርሺ ደውዪ፤ ሳትደርሺም ደውዪ።»

«አያቴ፣ አባዬስ?» አለች ልጅቱ ሻንጣዋን እያነሣች።

«እሱን ለእኔ ተዪው። ቦሉ! ልጅህ ከባሏ ጋር እየሄደች ነው። ተቃውሞ አለህ?»

«ምንም ተቃውሞ የለኝም አልኩ እኮ! ሰው እንዲያስብ ፍቀዱ!»

ቶንዬ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ላዬፋን አስከትሎ በእግሩ ጣት እየተራመደ ወጣ። አለቃ ቦሉም በመጨረሻ «ናስቲየር!» ብለው ጠጠሮቹን ሰሌዳው ላይ እስኪጮሁ ደረደሩ። ቀና ሲሉ ፊት ለፊታቸው ባዶ ወንበር አለ።

«ልጁስ?»

«ሚስቱን ይዞ ሄደ» አሉ እናትየው፣ ብርጭቆውን እያለቀለቁ።

«የምን ሚስት?»

«ላዬፋን ነዋ።»

«እቃወማለሁ!» ሲሉ በረንዳው ተናወጠ። «እሞግታለሁ! ይህ ጋብቻ የለም!»

ሁሉም ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ደንብ አክባሪ ሰው ነው።

«አለቃ… ከተነገረዎት በኋላ ተራዎን ተጫውተዋል።»

ታላቅ ሰው የሚፈተነው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። አለቃ ቦሉ ከሕግና ከልጃቸው መካከል ሕግን መረጡ። ተነሥተውም «ጋብቻው ባይኖርም አለ» የሚል አጭር ንግግር አደረጉ፤ ጨዋታውን ማሸነፋቸውም በጭብጨባ ተረጋገጠ።

በማግስቱ የከተማችን እናቶች ተሰልፈው ማኅበሩ ደጃፍ መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ የማኅበሩ ዓመታዊ ውድድር በአንድ ቀን ከሚያልቅ ወር ሙሉ ይሁንልን። የማኅበሩ አባላት፣ አብዛኞቹ ያልተዳሩ ሴቶች ልጆች ያሏቸው አባቶች፣ እናቶቹ በስተመጨረሻ የፊደል ፍቅር ስላደረባቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ በሙሉ ድምፅ አጸደቁት።