ሙታን ሥራ የገቡበት ፊልም

ሶዶ ከተማ ውስጥ ስሙን መጥራት የማያስፈልገን አንድ ታላቅ መስሪያ ቤት አለ። ሕዝብን ካልተገባ ሳቅ የመጠበቅ ከባድ አደራ ተጥሎበታል። ለአንድ አስቂኝ ፊልም ኮሚቴ፣ ለኮሚቴው ደግሞ ንዑስ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ እግዜር ይስጠውና፣ እስካሁን አንድም ሰው ሳይፈቀድለት አልሳቀም።

ባለፈው ሐሙስ ኮሚቴው አሳየሽ የምትባል ወጣት የሠራችውን የዞምቢ ኮሜዲ ሊገመግም ተሰየመ። ቅዳሜ እንደሚታይ ማስታወቂያው እስከ ሻንቶ ከተማ ድረስ ስለተለጠፈ ልጅቷ ውጭ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ከእሷ የባሰ የተጨነቀው ግን ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ባለሙያው አምባቸው ነበር። የቡድን መሪነት ቦታ ተከፍቷል፤ ቦታውን የሚሰጡት ደግሞ ሰብሳቢው አቶ ሐብተማርያም ናቸው። ስለዚህ አምባቸው ፊልሙን ትቶ የአለቃውን ፊት ሲያይ ዋለ።

ፊልሙ ላይ ሙታን ከመቃብር ይነሡና ሰው በመንከስ ፈንታ ቀጥ ብለው ቢሮ ይገባሉ፤ አንዱም እያንቀላፋ ማኅተም ይመታል። ባለጉዳዩን "ነገ ተመለስ" ይሉታል፤ እሱም አመስግኖ ይሄዳል። ማንም ሳይጠረጥራቸው ከርመው፣ አንደኛው ልክ በሥራ መግቢያ ሰዓት ወንበሩ ላይ ስለተገኘ ተነቃባቸው። አምባቸው እዚህ ላይ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነከሰ፤ አቶ ሐብተማርያም አልሳቁማ።

አለቃ መጨረሻ ነውና የሚናገረው፣ አስተያየት ከበታች ተጀመረ። ወይዘሮ ፋና ሙታኑ ሰው አለመብላታቸውን አደነቁ፤ ቁርጥና ዳጣ ባለበት ከተማ ሰው የሚበላ ዞምቢ ማን ያምናል አሉ። የነጋዴዎች ተወካይ አቶ አብደላ በበኩላቸው፣ ሙታኑ በሱቅ በር ሲያልፉ አንዲት ሳሙና እንኳ አለመግዛታቸው ገበያውን ያቀዘቅዛል ብለው አዘኑ።

ተራው አምባቸው ጋ ደረሰ። የሰብሳቢው ፊት አሁንም አልተፈታም። ተቆጥተዋል፣ አለ በሆዱ፤ እንግዲህ ቀድሟቸው መቆጣት ነው የሚያዋጣው።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ፊልም በቀጥታ የኛን መስሪያ ቤት ነው የሚሰድበው። ያ እያንቀላፋ ማኅተም የሚመታው ሙት፣ እርስዎን ለማዋረድ ታስቦ የገባ ነው።"

አቶ ሐብተማርያም መነጽራቸውን አወለቁ።

"የኛን? እኔ እኮ የጎረቤት መስሪያ ቤቱን መስሎኝ፣ ሳቄን በስንት መከራ ነው የያዝኩት።"

ወይዘሮ ፋናም የጎረቤቱን መስሏቸው እንደነበር መሰከሩ። አቶ አብደላ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

"ለመሆኑ ፊልሙ ስማችንን ጠርቷል?" አሉ ሰብሳቢው።

"አልጠራም።"

"ታዲያ እኛን ከሬሳ ጋር ያመሳሰለን ማን ነው?"

ሰብሳቢው ውሳኔውን አሰሙ፦ ፊልሙ ለሕዝብ ይታይ፤ መስሪያ ቤቱን የሰደበው ባለሙያ ግን ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፣ የቡድን መሪነቱም ለሌላ ይሁን። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ።

ወይዘሮ ፋና አወጡ። አቶ አብደላም አወጡ። ሰብሳቢው ቀና ብለው ጠበቁ። አምባቸው እንደ ልማዱ የአለቃውን ፊት አየና እጁን አወጣ፤ ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።