አረንጓዴው ረድፍ

በላስታ ደጋ የሚገኝ አንድ የውሃ ጽሕፈት ቤት በሥልጣኔ ጎዳና ስላደረገው ግስጋሴ ዝም ማለት ውለታ ቢስነት ነው። ስሙን የማንጠራው ሌሎች ጽሕፈት ቤቶች እንዳይቀኑ ብቻ ነው።

ኃላፊው አቶ ደሳለ ከሥልጠና እንደተመለሱ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። "ከእንግዲህ ችግር ከእኛ አይደበቅም!" አሉ። "ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የሚባል ጥበብ ይዤ መጥቻለሁ። ኤክሴሉ ላይ አንድ የእጅ ፓምፕ 'ተበላሽቷል' ተብሎ ከተጻፈ፣ የተጻፈባት ሳጥን ብቻ ሳትሆን ረድፉ ከዳር እስከ ዳር በራሱ ጊዜ ይቀላል። 'ይሠራል' ከተባለ አረንጓዴ ይሆናል።" ስለ ፓምፕ ጥገና ሥልጠናው ላይ አልተነሣም ነበርና እሳቸውም አላነሡም።

የመረጃ ባለሙያዋ ፀደይ ቀመሩን ጻፈች። አንዲት ሳጥን ብቻ ቀላች።

"ረድፉስ?" አሉ አቶ ደሳለ ተቆጥተው።

"ከዓምዱ ፊደል ፊት የዶላር ምልክት ረስቼ ነው፣ ጋሼ። ዶላሩ ዓምዱን ይዞ ካላቆመው ረድፉ ሙሉ አይቀላም።"

"ድሮስ ያለ ዶላር ምን ይንቀሳቀሳል!" አሉ ኃላፊው። ላሊበላ ከተማ ተወልደው ማደጋቸው ነገሩን ቶሎ ለመረዳት ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

ዶላሩ ገባ። ኮምፒውተሩ የበርበሬ ስጥ መሰለ። የአቶ ደሳለ ፊት ጠቆረ።

"ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ፓምፖቹ ናቸው። አንዳቸውም አይሠሩም።"

"እኔ ስለ ፓምፑ መች ጠየቅሁሽ? ስለ ቀለሙ ነው እንጂ! በቅርቡ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ።"

ስለዚህ ደፋር ውሳኔ ተወሰነ። ብልሽቱ ለጽሕፈት ቤቱ የተነገረ ፓምፕ ሁሉ ረድፉ አረንጓዴ እንዲሆን ቀመሩ ተሻሻለ። ምክንያቱ ጥልቅ ነበር፤ የተነገረ ችግር የታወቀ ችግር ነው፤ የታወቀ ችግር ግማሹ ተፈትቷል፤ ግማሽን ወደ ላይ ማጠጋጋት ደግሞ በሒሳብ የተፈቀደ ነው።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ይማርሽ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ካለች መንደር በእግራቸው መጡ። የመንደራቸው ፓምፕ ከቆመ ወዲህ ሴቶቹ ገደል ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ። ምራታቸው በዚያ ቁልቁለት ወድቃ እግሯ ተሰብሯል።

"ስለ ቅዱስ ላሊበላ ብላችሁ የፓምፕ ጠጋኝ ላኩልን" አሉ።

አቶ ደሳለ ኮምፒውተሩን አዞሩላቸው። "እማማ፣ ይኼ የእርስዎ መንደር ነው። ምን ይታይዎታል?"

"ልምላሜ።"

"ታዲያስ!"

"እኛ የምንጠጣው ግን ድፍርስ ነው፣ ልጄ።"

"ቆይ፣ ፓምፑ ተበላሸ ብለው ያመለከቱት እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው አረንጓዴ ያደረጉትም እርስዎ ነዎት። ጽሕፈት ቤቱ ያመሰግንዎታል።"

ወይዘሮ ይማርሽ ስላመጡት ልማት ተመስግነው ወደ ገደላቸው ተመለሱ።

ፀደይ አላስቻላትም። "ጋሼ፣ ቢያንስ የእሳቸውን ረድፍ ቀይ እንተወው" አለች።

"አረንጓዴ መሃል አንድ ቀይ ረድፍ? ዓይን ይወጋል!"

እንግዶቹ መጡ፤ ዕቃ የጫነ አይሱዙ አስከትለዋል። አቶ ደሳለ ኤክሴሉን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አበሩት፤ ግድግዳው የመስከረም መስክ መሰለ። ተጨበጨበ። የቡድኑ መሪ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንዲህ ያለ ወረዳ አይተን አናውቅም። መኪናው ላይ ያለው አዲስ ፓምፕና መለዋወጫ ረድፋቸው ለቀላ መንደሮች የመጣ ነበር። እናንተ ዘንድ አንድም ስለሌለ ለጎረቤት ወረዳ እንሰጠዋለን። ለእናንተ የምስክር ወረቀት አዘጋጅተናል።"

አቶ ደሳለ ላብ አጠመቃቸው። ወደ ፀደይ ጎንበስ ብለው "ቀይ አድርጊው!" አሉ በሹክሹክታ።

"የቱን?"

"ሁሉንም!"

ፀደይ በደስታ የመጀመሪያውን ቀመር መለሰች። ኃላፊው ላፕቶፑን ታቅፈው እንግዶቹ ሊሄዱ ወደ ተሳፈሩበት መኪና ሮጡ። "ይመልከቱ! ቀይ ነው! ሁሉም ቀይ ነው!"

መሪው በመስኮት አዩና ከልብ አዘኑ። "ጭብጨባው ሳይበርድ ወረዳው በሙሉ ተበላሸ? ይኼማ የፓምፕ ችግር አይደለም፤ የአቅም ክፍተት ነው። ሌላ ሥልጠና እናመቻችልዎታለን።"

ጎረቤት ወረዳ ኮምፒውተር የለውም። ሰማያዊ እስክሪብቶ አልቆበት ሪፖርቱን ከላይ እስከ ታች በቀይ ጽፎ ነበር። በዚህ የላቀ የመረጃ አያያዝ ጭነቱ እንዳለ ተራገፈለት።

ወይዘሮ ይማርሽ ጎረቤት ወረዳ አዲስ ፓምፕ መተከሉን ሰምተው ጀሪካናቸውን አዝለው ወንዙን ተሻገሩ።

"እማማ፣ ከየት ነዎት?" አላቸው የፓምፑ ጠባቂ።

"ከማዶ።"

"ከማዶ? የእናንተ አገርማ ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው ተብሎ በስብሰባ ተነግሮናል" አለና ጀሪካናቸውን ተቀብሎ ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጠው። "እኛም ውሃ ሲጠፋብን ወደ እናንተ ለመምጣት እያሰብን ነበር።"