ባቡር ነጂው በዋሻው አናት ላይ ስለ ዘመቱበት ቀን

በጡረታቸው በሁለተኛው ዓመት፣ እመቤቲቱ ከደረጃ በወደቁ በስምንተኛው ወር፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የብረቱን ሠረገላ የገሩት፣ በቀይ መብራት ፊት የሚቆሙ በአረንጓዴ መብራት ፊት የሚገሠግሱ፣ ሠፈሩ ጋሽ ፉጨት ብሎ የሰየማቸው ታላቁ ባቡር ነጂ፣ ከሠፈራቸው ጣቢያ ተነሥተው እስከሚቀጥለው ጣቢያ በመናፈሻው ውስጥ በእግራቸው ዘመቱ። የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው።

የአርባ ዓመት የትዳር ጓደኛቸው እመቤቲቱ፣ የዳሌያቸው አጥንት በብረት ከተጠገነ ወዲህ ግዛታቸው ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ሆኖ፣ ከዚያ ማዶ ያለውን ዓለም በዓይናቸው ብቻ ይገዙ ነበር። ሐኪሙም፣ «እማማ፣ በየቀኑ ካልተራመዱ እግርዎ እንደዚሁ ይቀራል» ብሎ ቢያውጅ፣ እመቤቲቱ በበኩላቸው፣ «አንዴ ብቻ እሞክራለሁ። ዳገት ካለበት ግን እወቁት፣ ሁለተኛ ከበር አልወጣም» ብለው አወጁ። ይህም ቀልድ እንዳልነበረ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ ጋሽ ፉጨት በሳሎኑ መካከል ቆመው፣ ቀበቷቸውን ጠበቅ አድርገው፣ እንዲህ ሲሉ አስነገሩ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! እስከሚቀጥለው ጣቢያ ባለው መንገድ ስንት ሺህ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምደርሰው!»

የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ የእመቤቲቱ ታናሽ እህት፣ የሠፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ ጡረተኛዋ አዋላጅ፤ ደግሞም የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በደረጃው ላይ የተማረከ፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ፣ ታጣፊ በርጩማ፣ ሁለት ጃንጥላና የእመቤቲቱን ሹራብ የተሸከመ። ዳቦውንም ሳይገዛ ዘመተ።

የመናፈሻው መጀመሪያ ክፍል ያለ ውጊያ ተያዘ። ኩሬውን በቀኝ፣ የልጆች መጫወቻውን በግራ ትተው፣ ሐዲዱን ከልሎ በቆመው አጥር ጥግ ጥግ ሲጓዙ፣ እመቤቲቱ በምርኩዛቸው መሬቱን እየመቱ፣ ዓይናቸውን ከጫማቸው ጫፍ ሳይነቅሉ ይራመዱ ነበር። ጋሽ ፉጨትም እያንዳንዱን ምሰሶ እንደ ጥንት ወዳጅ እጅ እየነሡ፣ ፍጥነት የሚቀነስበትን፣ ጥሩምባ የሚነፋበትን ስፍራ ለሠራዊቱ ያሳዩ ነበር።

ከዚህም በኋላ ሐዲዱ ወደ ዋሻ ገባ፤ የእግረኛው መንገድ ግን ወደ ሰማይ ወጣ።

በፊታቸው የቆመው ኮረብታ ሣር የለበሰ፣ ዛፍ የደረበ፣ ቁልቁል የሚሮጡ ጎረምሶች የሚወርዱበት፣ ጤነኛውንም ሰው የሚያስለከልክ ነበር። ጋሽ ፉጨት አንጋጠው አዩት። በሥሩ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፈዋል፤ ዋሻው ለምን እንደ ተቆፈረ ግን አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም ነበር።

አዋላጇ ጣታቸውን አንሥተው፣ «ጋሼ፣ ሜዳዎ ብድግ ብሎ ቆመ እንዴ?» ሲሉ አወጁ። ልብስ ሰፊውም ሳቁን በሹራቡ አፈነ።

እመቤቲቱ ግን በመንገዱ ዳር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን በምርኩዙ ራስ ላይ ጭነው፣ መጀመሪያ ዳገቱን፣ ቀጥሎ የመጡበትን መንገድ አዩ። ጋሽ ፉጨት ይህን ባዩ ጊዜ በረንዳው፣ መጋረጃው፣ የሚመጣው ክረምት ሁሉ ባንድ ጊዜ ታያቸው፤ ባርኔጣቸውንም አውልቀው፣ በሕይወታቸው አዘውትረው የማያውቁትን አዋጅ አወጡ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ተነሡ፣ እንመለስ።»

«ቆይ እስኪ» አሉ እመቤቲቱ። «ይሄ ዋሻ ርዝመቱ ስንት ነው?»

«በባቡር አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ።»

«በኔ እግርስ?»

ጋሽ ፉጨት ብዙ አሰቡ። ከዚያም፣ «እኔ እንጃ» አሉ።

በአርባ ዓመት ትዳር ይህ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ተሰምቶ አያውቅም፤ የማያውቁትን ሁሉ ያውቁ ነበርና። እመቤቲቱ ባላቸውን አዲስ ሰው እንደሚያዩ ትኩር ብለው አዩአቸው። ቀጥለውም፣ «እኔ እንጃ ካልክማ፣ አብረን እንየዋ» ብለው ተነሡ።

የአወጣጡም ሥርዓት እንዲህ ነበር። ልብስ ሰፊው ከፊት ሆኖ እርጥብ ቅጠሉን በጃንጥላ ይጠርጋል፤ አዋላጇ ከኋላ ሆነው፣ «በርቺ! ተንፍሺ! ትንሽ ነው የቀረሽ!» እያሉ በሙያቸው ያዋጋሉ፤ በዚህም ጩኸት ሁለት ሯጮች ደንግጠው ሐኪም እንጥራ ወይ ብለዋል። ጋሽ ፉጨት የእመቤቲቱን ክንድ ሊይዙ እጃቸውን ቢዘረጉ፣ «ልቀቀኝ፣ እኔው ልሂድበት» ተብለው፣ ባዶ እጃቸውን እንደ ዘረጉ በጎናቸው ወጡ። ሕፃን የጫነ ጋሪ ቀደማቸው፤ እያነከሰ የሚሄድ ውሻም ቀደማቸው።

ከሦስተኛው ዕረፍት በኋላ ምርኩዙ በቅጠል ላይ ተንሸራተተ። እመቤቲቱ ወደ ጎን ሄዱ፣ ተንገዳገዱ፣ የመንገዱን የብረት ድጋፍ በሁለት እጃቸው አነቁት። ጋሽ ፉጨት ሊይዙም አልደፈሩ፣ ሊተዉም አልቻሉ። እመቤቲቱ ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን አጸኑ። በዚያ ዕለት ከወጡት አዋጆች ሁሉ የሚበልጠው አዋጅም በዚያን ጊዜ ወጣ፦

«አልወደቅሁም።»

ወደ አናቱም ደረሱ። በዚያ ሰፊ መስክ አለ፤ ሰዎች ሣሩ ላይ ተንጋለዋል። ሻዩ ሲቀዳ መሬቱ ከእግራቸው በታች ጥቂት ነዘረ፤ ጋሽ ፉጨት ባቡር እያለፈ መሆኑን በውስጥ እግራቸው አወቁ፤ ሰዓታቸውን ለማየት ግን አላሰቡም፤ የእመቤቲቱን ፊት እያዩ ነበርና። እመቤቲቱ ላባቸውን በነጠላ ጠርገው፣ ሩቅ እያዩ፣ «ከተማው እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ?» ይሉ ነበር።

ቁልቁለቱንም ከዳገቱ ይልቅ ፈርተው፣ ግን በዝግታ፣ ግራና ቀኝ እየዞሩ ወረዱ። ባቡር በአራት ደቂቃ የሚጨርሰውን በሁለት ሰዓት ተኩል ፈጽመው ሁለተኛውን ጣቢያ ያዙ።

በመመለሻውም ባቡር ላይ እመቤቲቱ በባላቸው ትከሻ ላይ አንቀላፉ። ባቡሩ የሠፈራቸው ጣቢያ ሲቆም ልብስ ሰፊው በርጩማውን አንሥቶ ብድግ ቢል፣ ጋሽ ፉጨት አንድ ጣት ወደ ከንፈራቸው አድርገው ሠራዊቱን ሁሉ አስቀመጡ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ጣቢያቸው በመስኮት አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ።

እነሆ ይህ ተጻፈ። እየተንቀጠቀጡ ለሚወጡት፣ ኮረብታን በምርኩዝ ላስገበሩት እመቤት በየመናፈሻው ክብር ይሁን፤ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሳትነቃነቅ ለቆየችውም የባላቸው ትከሻ ምስጋና ይድረስ።